ስለ ከተማ ሁከት ለሚሠራ ሥዕል ገጸ ባሕርይ አፈጣጠር
(ለሥነ ጥበብ ትምህርት ሠልጣኞችና አሠልጣኞች የቀረበ)

የሥዕል ክፍለ ጊዜ በብዙ ት/ቤቶች እንደ ዕረፍት ሲቆጠር ይታያል። መምህሩ «የፈለጋችሁትን ሣሉ» ይልና ደብተር ወደ ማረም ይሄዳል። ልጆቹም ቤት፣ ዛፍ፣ ግመልና ፀሐይ ሥለው ያስረክባሉ። ነገር ግን የፈለጉትን እንዲሥሉ የተፈቀደላቸው ልጆች አንዳንድ ጊዜ የሚያመጡት ሌላ ነው፤ የሚነድ ሱቅ፣ ዱላ ያነሳ እጅ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው። ያን ጊዜ መምህሩ ምን ይላል? «ጎበዝ» ይበል? ወረቀቱን ይደብቅ? ወይስ «ይሄ የሥዕል ርእስ አይደለም» ብሎ ይገሥጽ?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ አንድ የአሠራር መንገድ ማሳየት ነው። መንገዱም ከዚህ በፊት ያልነበሩ አዳዲስ ገጸ ባሕርያትን ፈጥሮ፣ የከተማን ሁከት በእነሱ አማካይነት መሣል ነው። ገጸ ባሕርይ ስንል በልብ ወለድ ብቻ የሚገኝ ነገር አይምሰላችሁ። በሥዕልም ቢሆን ሥራ፣ ልማድ፣ ፍላጎትና ፍርሃት ያለው፣ ከአንድ ሥዕል ወደ ሌላው ሲሻገር ተመልካች የሚለየው የተፈጠረ ሰው ገጸ ባሕርይ ይባላል።

፩. ጉዳዩ ለምን የእኛ ሆነ?

ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ነገ በሀርሺን፣ በሀርትሼክ፣ በከብሪ በያህ ወይም እዚሁ በጅጅጋ ሰሌዳ ፊት ይቆማሉ። እነዚህ ቦታዎች የከተማን ሁከት በወሬ ብቻ የሚያውቁት አይደሉም።

በ1980 ዓ.ም. ከድንበሩ ማዶ ሐርጌሳ በራሷ መንግሥት አውሮፕላኖች ተደበደበች። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከዚያችው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ እኛ ወገን መጣ። ያን ጊዜ የተቋቋመው የሀርትሼክ መጠለያ ከ250,000 በላይ ሰዎችን ያስተናገደ ሲሆን፣ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ የስደተኞች ሠፈር ይባል ነበር። የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። በመስከረም 2010 ዓ.ም. በአወዳይ ከተማ ሶማሌዎች ተገደሉ። በዚያው ሰሞን ከኦሮሚያ ብዙ ሶማሌዎች፣ ከሶማሌ ክልል ከተሞች ደግሞ ብዙ ኦሮሞዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከተፈናቀሉት ሶማሌዎች ብዙዎቹ በቆሎጂ መጠለያ ሠፈሩ። ዓመቱ ሳያልቅ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ ሁከት ተነሣ። ሰዎች ተገደሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተጠለሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ አካባቢ፣ ተበዳዩ አንድ ጊዜ የዚህ ወገን፣ አንድ ጊዜ የዚያ ወገን ሰው ነበር። ስለዚህ «አጥቂው እንዲህ ያለ ልብስ የሚለብስ፣ ተጠቂው እንዲህ ያለ ጸሎት የሚጸልይ ነው» ብሎ የሚሣል ሥዕል በመስከረም እውነት ቢመስል በሐምሌ ውሸት ይሆናል። በዚያ ላይ የሁለቱም ወገን ልጆች በአንድ ክፍል፣ ምናልባትም በአንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል አንዱን «ከሳሽ» ሌላውን «ተከሳሽ» አድርጎ ካስቀመጠ፣ መምህሩ ሳያውቀው ሁከቱን ከአስፋልት ወደ ክፍል አስገባው ማለት ነው።

፪. የምናውቀውን ሰው ከመሣል አዲስ መፍጠር ለምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ለልጁ መጠለያ ይሆነዋል። «ያየኸውን ሣል» የተባለ ልጅ ያላሰበውን ቁስል እንዲነካ ይገደዳል። «አንድ ባጃጅ ነጂ እንፍጠር፤ ያን ቀን ጠዋት የት ነበር?» ሲባል ግን የሚናገረው ስለ ባጃጅ ነጂው ነው። ከራሱ የሚጨምረውን ያህል ይጨምራል፤ ማቆም ሲፈልግም ያቆማል።

ሁለተኛ፣ በሕይወት ያለውን ሰው ይጠብቃል። በትንሽ ከተማ ውስጥ በጉንጩ ጠባሳ፣ በሱቁ ቀለም ወይም በአረማመዱ ሰው ይታወቃል። «ይሄማ እገሌ ነው!» የሚያሰኝ ሥዕል ማስረጃ የሌለው ክስ ነው። ተበዳይም ቢሆን ሳይጠየቅ ሐዘኑ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል አይገባም።

ሦስተኛ፣ የተፈጠረ ሰው ብዙ ሰዎችን ሊወክል ይችላል። የአንዱን እጅ፣ የሌላውን ኮፍያ፣ የሦስተኛውን አቀማመጥ ወስደን ስናዋሕድ፣ ማንንም የማይመስል ነገር ግን ሁሉም «አውቀዋለሁ» የሚለው ሰው ይወጣል።

፫. ከነባር ሥራዎች ምን እንማራለን?

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ የታወቀ ሕግ አለ። ጻድቃን ፊታቸው ወደ ተመልካች ዞሮ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን ከጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩ ባህላዊ ሥዕሎችም ይህንኑ ይከተላሉ፤ የኢትዮጵያ ወታደር በሁለት ዓይን፣ የጣልያኑ በአንድ ዓይን። መጻፍና ማንበብ የማይችል ተመልካች እንኳ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ወዲያው ይለያል። እንደ አሣሣል ዘዴ ብልህነት ነው። ለወራሪ ጦር ይሠራል። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያጠቃስ? ያን ጊዜ ማን በየትኛው ዓይን ይሣላል? ወደዚህ ጥያቄ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን ፋሽስቶች የአዲስ አበባን ሕዝብ ጨፈጨፉ። ለዚያ መታሰቢያ በስድስት ኪሎ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ዙሪያውን ከነሐስ የተሠሩ ምስሎች አሉት። ምስሎቹ የተጨፈጨፉትን ብቻ የሚያሳዩ አይደሉም፤ ለቀስተኞችም አሉበት። ከዚህ የምንማረው ሁከት ሲሣል ግድያው ብቻውን ሙሉ ታሪክ አለመሆኑን ነው። የቀረው ሰው፣ ማለትም የሚያለቅሰው፣ የሚቀብረውና የሚፈልገው፣ እርሱም ገጸ ባሕርይ ነው። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደጃፍ ላይ የቆመው ሐውልትም ሦስት ያዘኑ ሴቶችን ያሳያል። ገዳይ በቦታው የለም፤ ጠመንጃም አይታይም። ነገር ግን ምን እንደደረሰ ተመልካቹ አይስተውም።

በዚያው በ1929 ዓ.ም.፣ ከየካቲት 12 ሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በስፔን አገር ጌርኒካ የምትባል ትንሽ ከተማ በጀርመንና በጣልያን አውሮፕላኖች ተደበደበች። ሠዓሊው ፓብሎ ፒካሶ ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ ወደ 8 ሜትር የሚጠጋ ሥዕል በከተማዋ ስም ሠራ። በሥዕሉ ላይ የሞተ ልጅ የታቀፈች እናት፣ የቆሰለ ፈረስ፣ ሰይፉ የተሰበረ ወዳቂ፣ መብራት ይዛ የምትመለከት ሴትና በሬ ይታያሉ። አንድም አውሮፕላን፣ አንድም ቦምብ የለበትም። ፒካሶ ሥራውን ሲጀምር የወደቀውን ሰው ጡጫውን ወደ ላይ እንዳነሣ ሥሎት ነበር፤ ኋላ ግን አጠፋው። ለሠልጣኝ ትልቅ ትምህርት ነው። መፈክሩ ከሰውየው ይበልጥ ከጮኸ፣ መፈክሩ ይውጣ።

ሐርጌሳም በራሷ መንገድ መታሰቢያ ሠርታለች። ከተማዋን ከደበደቡት ዓይነት አንዱን ሚግ አውሮፕላን በአደባባይ ከፍ አድርጋ አቁማ፣ ከሥሩ በሥዕል አስጌጠችው። እዚያ ዋናው ገጸ ባሕርይ ብረቱ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ዕቃም ገጸ ባሕርይ ሊሆን እንደሚችል ያዙልኝ፤ ያስፈልገናል።

፬. አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

ሀ/ ከሥራው ጀምሩ። «አንድ ሰው ሣሉ» ከማለት «በቀን ገቢ የሚያስረክብ ባጃጅ ነጂ ሣሉ» ማለት ይሻላል። ሥራ ለሰው አካል ይሰጠዋል። ውኃ በጀሪካን ከብርካ የምታመላልስ ልጅ ትከሻዋ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጋሪ ገፊ ክንዱ ይወፍራል። ልብስ ሰፊ አንገቱ ይጎብጣል። ይህን ለማየት ገበያ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ነው፤ መጽሐፍ አያስፈልግም።

ለ/ በአባት ስም ሳይሆን በቅጽል ስም ጥሩ። ይህ ለእኛ አካባቢ ዋና ነጥብ ነው። ሶማሌ የአያት የቅድመ አያቱን ስም ሲቆጥር ጎሣው ይታወቃል። በሌላውም ዘንድ ስም ብዙ ጊዜ ብሔርንና ሃይማኖትን ይናገራል። ታዲያ ገጸ ባሕርዩን በሙሉ ስም ከጠራነው ሥዕሉ ገና ሳይጀመር ተመልካች ወገን ይመርጣል። ደግነቱ መፍትሔው እዚሁ ባህል ውስጥ አለ። ሶማሌዎች «ናናይስ» የሚሉት ቅጽል ስም አለ፤ ረጅሙን «ዴሬ»፣ ትንሹን «ያሬ» ይሉታል። ቅጽል ስም ሰውየውን ራሱን ያሳያል፤ ዘሩን አይቆጥርም። ብቻ የአካል ጉዳትን የሚያነሣ ቅጽል በክፍል ውስጥ አትጠቀሙ። በትክክል እንደዚያ የተጎዳ ልጅ ከፊታችሁ ሊቀመጥ ይችላል።

ሐ/ አንድ ዕቃ ስጡት። ልጆች ፊት ደጋግመው አንድ ዓይነት አድርገው መሣል ይቸግራቸዋል፤ ዕቃ ግን አይጠፋባቸውም። ፔርሙስ፣ የቁልፍ እሽግ፣ ሚዛን፣ የዱቤ ደብተር፣ የእረኛ በትር። ዕቃው በሁሉም ሥዕል ላይ ከገጸ ባሕርዩ ጋር ከታየ ተመልካች ይለየዋል። ዕቃው ለብቻው ወድቆ ሲታይ ደግሞ ምንም ደም ሳይሣል ሐዘኑ ይገባል።

መ/ ያን ቀን ጠዋት ምን ይፈልግ እንደነበር ወስኑ። ሁከት ሳይነሣ በፊት ሁሉም ሰው አንድ ትንሽ ነገር ይፈልግ ነበር። አንዷ ስኳር፣ አንዱ ነዳጅ፣ አንዱ የልጁን የት/ቤት ጫማ። ይህን ያልወሰነ ሠዓሊ የሚሥለው ሰው ለመሞት ወይም ለመግደል ብቻ የተወለደ ይመስላል።

ሠ/ በልብስ መለዋወጥ ፈትኑት። ንድፉ ካለቀ በኋላ የአጥቂውንና የተጠቂውን ልብስ በሐሳብ ቀያይሩ። ሽርጡን ለዚያ፣ ነጠላውን ለዚህ። ታሪኩ ሳይለወጥ ከቆመ ጥሩ ነው፤ ሥዕሉ ስለ ድርጊት ይናገራል። ታሪኩ ከፈረሰ ግን ሥዕሉ የከሰሰው ልብስን ነው። እንደገና ይሠራ። ይህ ማለት ባህላዊ ልብስ አይሣል ማለት አይደለም። ልብስ ቦታን ያሳይ፣ ጥፋትን ግን አይሸከም።

፭. ምሳሌ፦ አራት ገጸ ባሕርያት ለስድስት ሥዕሎች

ሻይ ሻጯ፦ ዕቃዋ የዱቤ ደብተር ነው። በደብተሩ ውስጥ የመንደሩ ሰው ሁሉ አለበት፤ ማንም ሳይለይ ሁሉም ዕዳ አለበት። ጠዋት የምትፈልገው ስኳር ነው። አቀማመጧ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ስለሆነ ከተማውን የምታየው ከታች ወደ ላይ ነው።

ዴሬ፦ ባጃጅ ነጂ ነው። ቁመቱ ከመኪናው ስለሚበልጥ ጉልበቱ ወደ መሪው ይጠጋል። ዕቃው ከመስታወቱ ላይ የሚንጠለጠል መቁጠሪያ ወይም ጌጥ ነው። የሚፈልገው የቀን ገቢውን መሙላት ብቻ ነው።

ባለ ሱቁ፦ መነጽሩ በክር የታሰረ። ዕቃው ሚዛን ነው። የሚፈልገው ዕዳውን ከፍሎ አዲስ ዕቃ ማስገባት ነው። ከየት እንደመጣ አልተነገረም፤ አይነገርም።

ያሬ፦ ጋሪ ገፊ ወጣት ነው። ከባለ ሱቁ ዳቦ በዱቤ ይወስዳል። የሚፈልገው ሰው እንዲቆጥረው ነው። ሁከቱ ሲነሣ ከሕዝቡ ጋር ሮጦ ሱቁን ከሚዘርፉት አንዱ እርሱ ይሆናል። ሲወጣ በእጁ የያዘው ሚዛኑን ነው።

ለምን ሚዛን? ለያሬ ምንም አይጠቅመውምና ነው። ስኳር ቢሰርቅ ርቦት ነው እንል ነበር። ሚዛን መስረቁ ግን በሁከት ሰዓት ሰው የማያስፈልገውን ነገር እንኳ እንደሚነጥቅ ያሳያል። ለባለ ሱቁ ደግሞ ያለ ሚዛን ንግድ የለም። አንድ ዕቃ የሁለት ሰዎችን ታሪክ ያዘ ማለት ነው።

፮. ከሁሉ የሚከብደው፦ አጥፊውን መሣል

ሠልጣኞች ብዙ ጊዜ አጥፊውን ወይ ጭራቅ ያደርጉታል፣ ወይ ጭራሽ ይተውታል። ጭራቅ ከሆነ ተማሪው «እኔማ ጭራቅ አይደለሁም» ብሎ ከጉዳዩ ያመልጣል። በሌላ በኩል «ሥራ አጥ ስለሆነ ነው፤ ምን ያድርግ?» እያልን ብቻ ከሣልነው ጥፋቱን ሰረዝንለት። ድሀ ሁሉ አይዘርፍም እኮ! ዴሬም ድሀ ነው፤ ባጃጁን አቁሞ ሰው ወደ ቤቱ አስገብቷል እንበል። ልዩነቱ በምርጫቸው ላይ ነው፤ ሥዕሉም ምርጫውን ማሳየት አለበት።

እዚህ ላይ የድሮ ሠዓሊዎቻችንን የዓይን ሕግ እንዋስ፤ ግን እንለውጠው። በእነሱ ዘንድ ባለ አንድ ዓይን የሆነ ሰው ሁልጊዜ ባለ አንድ ዓይን ነው። እኛ ግን ያሬን በመጀመሪያው ሥዕል ጋሪውን ሲገፋ በሁለት ዓይን እንሣለው። በሦስተኛው፣ ሕዝቡ ውስጥ ሲገባ፣ ፊቱ ወደ ጎን ይዙር፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታይ። በአራተኛው ሚዛኑን ይዞ ሲወጣ አሁንም አንድ ዓይን። በስድስተኛው ግን ሚዛኑ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ወደ እኛ ይዙር፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታዩ። ይህን ያየ ተማሪ ማንም ሳይሰብክለት ሁለት ነገር ይረዳል። ሰው ፊቱን ሊያዞር ይችላል፤ ያዞረውም ራሱ ነው። እንዲሁም ፊቱን ሲመልስ ሚዛኑ አሁንም እዚያው አለ። ይቅርታ ካለ ከሚዛኑ ወዲያ ነው፤ ሚዛኑን ዘልሎ አይደለም።

፯. ፊት ሳይሣሉ ገጸ ባሕርይ መሥራት

ሕያው ፍጡርን መሣል በእምነቱ የማይወድ ተማሪ በክፍላችሁ ይኖራል። አታስገድዱት፤ «ዜሮ» ብላችሁም አታሳፍሩት። ከላይ እንዳየነው ዕቃ ሰውን ይወክላል። ፔርሙስ ከተገለበጠ በርጩማ አጠገብ፣ ጌጥ የሌለው የባጃጅ መስታወት፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ የሚዛኑ አሻራ። አንዳንዴ ይህ ሥራ ፊት ካለበት ሥዕል ይበልጣል። በዚህም ምክንያት ይህን መልመጃ ለሁሉም ተማሪ አንድ ጊዜ መስጠት ይጠቅማል። ቁሳቁሱም ቀላል ነው፤ የምድጃ ከሰል፣ የፓስታ ካርቶን፣ ቾክ ይበቃል።

፰. ለመምህሩ ጥንቃቄ

ተማሪው የሠራውን ገጸ ባሕርይ «ይሄ አንተ ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መሣል የማይፈልግ ልጅ ቀለም እንዲያዘጋጅ ወይም ጀርባውን እንዲቀባ ስጡት። አስከሬንና ቁስል በዝርዝር አይሣል፤ የሚያስደነግጥ ሥዕል አያስተምርም። ሥዕሉ ከመለጠፉ በፊት ከሌላ ወገን የሆነ አንድ ባልደረባ ይየው፤ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ እኛ ያላየነውን ክስ እርሱ ሊያይ ይችላል። አንድ ልጅ በሥዕሉ ሰበብ ማልቀስ ከጀመረ ወይም ዝም ካለ ሥዕሉ ይቅር፤ ልጁ ይቅደም። ለብቻው አነጋግሩት፣ ቤተሰቡንም አማክሩ።

፱. መልመጃና የመወያያ ጥያቄዎች

1. ገበያ ወይም መናኸሪያ ሄዳችሁ ሦስት ሠራተኞችን ተመልከቱ። ከሦስቱ አንድ አዲስ ገጸ ባሕርይ አዋሕዱ። ጓደኛችሁ «ይሄ እገሌ ነው» ካለ አልተሳካም፤ እንደገና ሥሩ።

2. ለገጸ ባሕርዩ ቅጽል ስምና አንድ ዕቃ ስጡ። ያን ቀን ጠዋት የፈለገውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

3. የልብስ መለዋወጥ ፈተናውን በጓደኛችሁ ሥራ ላይ አድርጉ። ምን ተገኘ?

4. ከስድስቱ ሥዕሎች አምስተኛው ሆን ተብሎ ሳይነገር ቀርቷል። በአራተኛው ያሬ ሚዛኑን ይዞ ወጣ፤ በስድስተኛው ወደ እኛ ዞረ። በመካከሉ ምን ሆነ? ማን አናገረው? ሻይ ሻጯ? ዴሬ? ባለ ሱቁ ራሱ? ወይስ ማንም? አምስተኛውን ሥዕል ሠርታችሁ ከዚህ ጋዜጣ አጠገብ ባለው ባዶ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። ስማችሁን ከጀርባው ጻፉ፤ የገጸ ባሕርያቱን ወገን ግን የትም አትጻፉ።